ከመድረክ ወርዶ ማስተማር፦ እስክስታ ለአዋቂዎች በደባርቅና በዳባት

ደባርቅ ውስጥ እስክስታ መማር የሚፈልግ አዋቂ አለ ቢባል ብዙ ሰው ይስቃል። «እዚህ ተወልዶ እስክስታ የማይችል ማን አለ?» ይባላል። ዞር ዞር ብሎ ላየ ግን ሰው ሞልቷል። ዩኒቨርሲቲው ከየአገሩ ያመጣቸው መምህራን አሉ፤ ሠርግ ሲጠሩ ጥግ ይዘው ስልካቸውን ይነካካሉ። የባንክና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች አሉ። እንግዳ ይዘው ሰሜን ተራሮች የሚወጡ አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮችና በቅሎ ጫኞች አሉ፤ ሳንካበር ወይም ግጭ ላይ እሳት ከበው «እስቲ የአገራችሁን ጭፈራ» ሲባሉ አንዱ ደፋር ይነሣል፣ ሌላው ያጨበጭባል። ልጇን ለመዳር ወራት የቀሯት፣ እሷ ግን ከራሷ ሠርግ ወዲህ ትከሻዋን ያላንቀሳቀሰች እናት አለች። ዘመድ ለመጠየቅ ከውጭ የሚመጡም አሉ፤ እነሱማ ጭራሽ አፍረው ነው የሚያልቁት።

በሌላ በኩል እናንተ አላችሁ። በልጅነታችሁ በቀበሌ ኪነት የጀመራችሁ፣ ከዚያ በወረዳ ወይም በዞን የባህል ቡድን ዓመታት የቆያችሁ፣ በየበዓሉና በየሆቴሉ የጨፈራችሁ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለእናንተ ነው። እስክስታን ላስተምራችሁ ብዬ አልነሣም፤ የምታውቁትን ለማያውቅ አዋቂ እንዴት እንደምታቀብሉ ግን የምለው አለኝ።

ዋናውን ከአሁኑ ልናገር። መድረክ ላይ የሚጨፍር ሰው ፊቱ ወደ ተመልካች ነው። ሠርግ ላይ የሚጨፍር ሰው ፊቱ ወደ ጓደኛው ነው። ወደ እናንተ የሚመጣው አዋቂ የሚፈልገው ሁለተኛውን ሲሆን፣ እናንተ ደግሞ ለዓመታት ስትሠሩ የኖራችሁት የመጀመሪያውን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ራሳችሁን ፈታታችሁ እዩ

ጥሩ ጨፋሪ አብዛኛውን ጊዜ አይቶ የተማረ ነው። የመላኩ በላይን ታሪክ የሚያውቅ ያውቀዋል፦ አዲስ አበባ ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት በሽልማት ብር እየኖረ ጨፈረ፣ ኋላ ቤቱን ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው፣ በእስክስታውም ዓለምን ዞረ። የካዛንቺሱ ቤት በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል። እንዲህ ያለ ሙያ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ ከሰው መሀል ነው የሚገኘው። ችግሩ አይቶ የተማረ ሰው ሊያስተምር ሲነሣ «እንዲህ ነው፣ እንደኔ አድርጉ» ከማለት ሌላ ቃል ማጣቱ ነው። ሕፃን በዚህ ይማራል። የአርባ ዓመት ሰው አይማርም።

ስለዚህ ከመመዝገቢያው ቀን በፊት ብቻችሁን ጥቂት ቀን ሥሩ። ያለ ሙዚቃ ቁሙና ትከሻችሁን በጣም አዘግማችሁ አንቀሳቅሱ። ልምድ ያለው ጨፋሪ ሲያዘግም ይጠፋዋል፤ ለካ ፍጥነቱ ነበር ይዞት የሚሄደው። በዝግታው ውስጥ እንቅስቃሴው ከየት እንደሚነሣ፣ የትኛው ትከሻችሁ እንደሚቀድም፣ የት ላይ እንደምትተነፍሱ ያዙ። ስልክ አቁማችሁ ከኋላ ቅረጹ። ከፊት የሚታየው ውበቱ ሲሆን፣ ከኋላ የሚታየው ሥራው ነው፦ ሰፊው የትከሻ አጥንት ጀርባ ላይ ሲንሸራተት።

ቀጥሎ የመድረክ የሆነውን ለዩ። የጎንደሩ ፋሲለደስ ኪነት፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የወሎው ላሊበላ ኪነት ያሳደጉን ጭፈራ ለዓይን የተሰደረ ነው። ተሰልፎ መግባት፣ እኩል መዞር፣ በፈገግታ ወደ ፊት መውጣት፣ ዘፋኙን ከኋላ ማጀብ ሁሉ ለተመልካች የታሰበ ነው። ይህን አትጣሉት፤ የተለፋበት ጥበብ ነው። ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ዳንሰኛዋና ተመራማሪዋ ሩት ኤሼል «እስክስታ» የሚባል ቡድን ስታቋቁም ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤል ተማሪዎችን ይዛ ነበር። የቤተ እስራኤል መንደሮች ከዚሁ ከወገራና ከሰሜን ጭምር እንደነበሩ የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ወጣት ይዞ ለመድረክ ለሚነሣ እንደ ሩት ኤሼል ያለው መንገድ ያምራል። ከአማቶቿ ፊት ቆማ ላለማፈር ለምትመዘገብ የሂሳብ ሠራተኛ ግን ሰልፍ አሳይታችሁ ብትሰዷት ምንም አልሰጣችኋትም። ሠርግ ቤት ሰልፍ የለም።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ከአጿማቱ ጋር አስማሙ

እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ተማሪ አያገኝም። በሰሜን ጎንደር ጭፈራ የራሱ ወቅት አለው። ከኅዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው። ጥር ሲገባ ጥምቀትና ሠርግ ይደራረባል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይመጣና ከበሮው እስከ ፋሲካ ይሰቀላል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እስከ ጰራቅሊጦስ ይከፈታል። ከዚያ ክረምት ነው፤ ጭቃና እርሻ።

ስለዚህ ለትምህርት የሚመቹት ሁለት ጊዜዎች ናቸው። አንደኛው ከመስቀል ማግሥት እስከ ኅዳር 14 ያለው ነው፤ ስምንት ሳምንት ገደማ ይሆናል። በሳምንት ሁለት ቀን ብታስተምሩ ለጀማሪ ይበቃል፤ ተማሪውም የጥር ሠርግ ላይ ይደርሳል። የጽጌን ጾም የሚጾሙም ስላሉ ሲመዘገቡ ጠይቁ። ሁለተኛው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለው ስድስት ሳምንት ነው፤ አጭር ስለሆነ ቀደም ሲል ለጀመሩት ይሻላል፤ አዲስ የመጣ ግን አይመለስ። ሙስሊም ተማሪዎች ካሏችሁ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየመጣ የሚውልበትን አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ የሚመጣ ካለ ጥቅምትና ኅዳር የገብስ አጨዳ መሆኑን አትርሱ። የገበያ ቀንም አይሆንም። ለደመወዝተኛ የሚመቸው እሑድ ከምሳ በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ባጃጅ በጊዜ በሚገባበት ሰሞን ግን የአዘቦቱን ተዉት፤ ሰው መመለሻውን እያሰበ ትከሻው አይለቅለትም።

አንድ ሕግ ደግሞ ከሁሉ በላይ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሐዘን ካለ ከበሮ አይመታም። የዚያን ቀን ትምህርቱን ሰርዛችሁ ተማሪዎቹን ይዛችሁ ለቅሶ ብትደርሱ ከአሥር ማስታወቂያ ይበልጣል።

ደረጃ 3፦ ቦታውን ከዓይን ጠብቁ

የቀበሌ አዳራሽ፣ የትምህርት ቤት ክፍል ወይም በወረፋ የሚከራይ የሆቴል አዳራሽ ይሆናል። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ ከተገኘም አዳራሽ የሚገኘው በእነሱ በኩል ነው። ወለሉ እንዳያዳልጥ እዩ። መስታወት ከሌለ አትጨነቁ፤ ባይኖር እመርጣለሁ። መስታወት ፊት የቆመ ጀማሪ ራሱን ያያል፣ ራሱን ያየ ደግሞ ያፍራል፤ ጓደኛውንም አያይም።

ከመስታወቱ የሚብሰው መስኮቱ ነው። ከበሮ እንደተሰማ የሰፈር ልጆች ተደራርበው መስኮት ላይ ይወጣሉ። አንድ ልጅ «ውይ እዩዋቸው!» ካለ የዚያን ቀን ትምህርት አበቃ። አንሶላም ይሁን ምንጣፍ ጋርዱበት። ልጆቹን ማባረር አያዋጣም፤ እየሮጡ ይመለሳሉ። ሁለተኛው ጠላት ስልክ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ንግግራችሁን «እዚህ የሚቀረጽ የለም፣ ቲክቶክ የለም» ብላችሁ ጀምሩ። ስልኮቹ ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ ይግቡ፤ የእናንተም ጭምር።

ደረጃ 4፦ ማሲንቆ ያዙ

ስፒከርና ስልክ ይቀላል፤ ርካሽም ነው። ግን አሁን ገበያው ላይ ያለው የጎንደር ዘፈን አብዛኛው በኪቦርድ የተሠራና ፈጣን ነው። ጀማሪ ተማሪ በዚያ ፍጥነት ትከሻውን ብቻ ሳይሆን ልቡንም ያጣል። ከተቻለ አንድ ባለ ማሲንቆ ቅጠሩ። ጥቅሙ ከድምፁ ውበት በላይ ነው፤ ባለ ማሲንቆ ሰው ያያል። ጋሼ እከሌ ወደ ኋላ ሲቀሩ ምቱን ያዘገማል፤ ክፍሉ ሲግል ያፋጥናል፤ የተኮራመተችውን ሴት በስሟ ግጥም ጠርቶ ከግድግዳው ያስነሣታል። ይህን ስፒከር አይሠራም።

ስትስማሙ ሁለት ነገር አስረዱት። አንደኛ፣ የሰዓት ዋጋ ትከፍሉታላችሁ፤ ተማሪው በየዘፈኑ ግንባር ላይ ብር እንዲለጥፍ አይጠበቅም። አለበለዚያ ደመወዙ ቀጭን የሆነ ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል። ሁለተኛ፣ የአዝማሪ ተረብ የሚያውቃቸውን ሰዎች ያስቃል፣ የማያውቃቸውን ግን ያስቀይማል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅኔው ለስለስ ይበል።

ከበሮ ከቤተ ክርስቲያን መዋስ እንደማይታሰብ ለእናንተ መናገር አይገባኝም፤ ለዩኒቨርሲቲው መምህራን ግን ንገሯቸው፣ በቅንነት ይጠይቃሉና። የዘፈን ከበሮ አንድ ይበቃል። እሱም ቢታጣ ጀሪካን ይሠራል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ቀን ትከሻ አይነካም

ተማሪዎቹን በክብ አቁሙ። ሰልፍ አታድርጉ። እናንተም ከክቡ ውስጥ እንደ አንዱ ቁሙ። በሰልፍ ከቆሙ የኋለኛው ተደብቆ ይውላል፣ የፊተኛው ተጨንቆ ይውላል።

የዚያን ቀን ሥራ ማጨብጨብ ብቻ ነው። ሙዚቀኞች ችክችካ የሚሉት ምት በስድስት ይቆጠራል፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት። ክብደቱ አንድና አራት ላይ ነው። መጀመሪያ በአፍ ቁጠሩ፣ ከዚያ ክብደቱ ላይ ብቻ አጨብጭቡ፣ ከዚያ ጉልበት ይታከል፤ ክብደቱ ሲያርፍ ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ። ይኸው ነው። ተማሪው «መቼ ነው የምንጨፍረው?» እያለ ይሂድ። ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው በለመደው ምት ማጨብጨቡ አይቀርም፤ የወላይታ ልጅ ጆሮው ሌላ ነው፣ የወለጋም ሌላ ነው። በዚህ አትሳቁበት። ይልቁንም የሱን አገር ጭፈራ አንድ ዙር ያሳይ፤ እናንተም እየተከተላችሁ ሞክሩት። እኔ ከማውቃቸው መላዎች ሁሉ ሐፍረትን ቶሎ የሚሰብረው ይህ ነው፤ አስተማሪው ሲንገዳገድ ያየ ተማሪ ለመንገዳገድ አይፈራም።

አነጋገር ላይም ቃል ልጨምር። ኪነት ቡድን ውስጥ «ውረድ! ዙር! አንቺ፣ ፈገግ በይ!» ለምዳችኋል። እዚህ ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው አለ። «ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ይበሉ»፣ «እትዬ፣ እንዲህ ይሞክሩት» በሉ። ከገጠር የመጡትን አንቱ በሉ። ስታርሙ ለብቻ፣ ስታሞግሱ በሰው ፊት ይሁን።

ደረጃ 6፦ ትከሻ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉት። ከስምንቱ ሳምንት ሦስቱ ቢያልቅበት አይቆጨኝም።

ማሟሟቅ ይቅደም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር፣ ዳባት ደግሞ ወደ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። የቀዘቀዘ ትከሻ በድንገት ከተመታ ማጅራት ይይዛል። ክንድን ማዞር፣ ጀርባን ማንቃቃት፣ በቦታ መራመድ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሰው ጃኬትና ጋቢ ደርቦ ነው የሚመጣው፤ ሲሞቀው ያውልቅ። ጋቢ ውስጥ ያለ ትከሻ ልክ ይሁን አይሁን ለእናንተም አይታይም። ነጠላ ያላት ወገቧ ላይ ትሰር፤ እጅ ማረፊያ ያገኛል።

ከቆላ ወይም ከውጭ በቅርብ የመጣ ሰው ካለ አየሩ እስኪለምደው አትፈትኑት። አንድ ዘፈን ጨፍሮ ሁለት ዘፈን ይቀመጥ። ራሱን ካመመው ወይም ካጥወለወለው የዚያን ቀን ያጨብጭብ።

አሁን ወደ ሥራው። ተማሪው ጉልበቱን አላልቶ፣ እግሩን በትከሻው ስፋት ከፍቶ፣ እጁን ሽንጡ ላይ አድርጎ ይቁም። የመጀመሪያው ትእዛዝ «ትከሻህን አንቀሳቅስ» ቢሆን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ክርኑን ያርገበግባል። ጀማሪ ሁሉ ክርኑን ነው የሚያርገበግበው። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዙ። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ከሌላው ጀርባ ይቁም፤ ከኋላ ያለው መዳፎቹን በፊተኛው ሰፊ የትከሻ አጥንቶች ላይ ቀስ ብሎ ያሳርፍ። ፊተኛው ቀኙን አጥንት ወደ ኋላ፣ መዳፉ ላይ ይግፋ። ይልቀቅ። ግራውን ይግፋ። ይልቀቅ። ሙዚቃ የለም። ከኋላ ያለው ሰው የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንደተኛ በእጁ ያውቀዋል። ብዙ ሰው ግራው ተኝቶ ያገኘዋል። ወንድና ሴት አታጣምሩ፤ ባልና ሚስት ከሆኑ እንጂ።

ይህ ሲለቅ እጁ ይነሣና ክብደቱን ጨምሩ፤ በአንድ ቀኝ፣ በአራት ግራ። ክርን ዝም ብሎ ይቀመጥ። አገጭ አይሽቀንጠር። ደረት ትንሽ ከፈት ይበል። ከዚያ እስትንፋስ። በጎንደር ጭፈራ የምትሰሙት ያ በጥርስ መሀል የሚወጣ «እስ፣ እስ» ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ትከሻውን የሚያላቅቀው እሱ ነው። አየር ይዞ የሚጨፍር ሰው ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣና እዚያው ይቀራል። ክብደቱ ላይ እስትንፋሱን ሲያወጣ ግን ትከሻው በራሱ ክብደት ይወድቃል። ተማሪዎቹን ያለ እንቅስቃሴ፣ በምቱ ላይ በድምፅ ብቻ አስተንፍሷቸው። መሳቅ ይጀምራሉ። ይሳቁ፤ የሚስቅ ሰው አየር እያወጣ ነው።

ከዚያ በመሀል ያሉትን ቁጥሮች ሙሉ፤ ሁለትና ሦስት ላይ ትናንሽ ምት፣ አምስትና ስድስት ላይ ትናንሽ ምት። ይህ ሲመጣ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው እስክስታ መምሰል ይጀምራል። ምቱን ለማፋጠን አትቸኩሉ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ በዚህ ሰዓት እናንተ መሀል ገብታችሁ ሙሉ ችሎታችሁን ብታሳዩ ክፍሉ ያጨበጭብላችኋል፣ ተማሪውም «እኔ እዚህ አልደርስም» ብሎ ይሄዳል። የጥበብ ረኃባችሁን ለቅዳሜ ማታ አቆዩት።

የቤት ሥራ ስጡ። ምጣድ ላይ እንጀራ እስኪበስል፣ ትራንስፖርት እስኪመጣ፣ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ። በነቢያት ጾም ዘፈን የማይሰሙት ተማሪዎችም ይህን ያለ ዘፈን ሊሠሩት ይችላሉ፤ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው፣ ማንም አይከለክልም።

ደረጃ 7፦ አንገት፣ በጥንቃቄ

አንገት የጎንደር ጭፈራ ሞገስ ነው። ወደ ፊት ስብቅ፣ ወደ ኋላ መልስ፤ ትከሻው ሲመታ አንገቱ ይከተላል። ለአዋቂ ግን የሚሰጠው ትንሽ ነው። ጭንቅላት አይወዛወዝ፤ አገጭ ከወለሉ ጋር እኩል ሆኖ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ይንሸራተት። የማጅራት ሕመም ያለበት፣ የሚያዞረው፣ ደም ግፊት ያለው ሰው መኖሩን በምዝገባ ቀን ጠይቁ፤ እነሱ አንገቱን ይዝለሉት። ነፍሰ ጡር ሐኪሟን ትጠይቅ። ያለ አንገትም ያማረ ጭፈራ አለ፤ አሮጊቶቻችንን እዩ።

ደረጃ 8፦ መጠራራት

እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ ለዚህ ነው። ተማሪዎቹን ፊት ለፊት አቁሙ፤ አንድ ክንድ ያህል ይራራቁ። አንዱ አራት ክብደት ይምታ፣ ሌላው ዝም ብሎ ይይ። ከዚያ ሌላው ይመልስ። መልሱ ያንኑ መድገም ይችላል፣ ትንሽ ለወጥ ማድረግም ይችላል። ዓይን ለዓይን ይተያዩ። ጀማሪ ዓይኑን ወለል ላይ ይተክላል፤ የሚቸግረው ይህ ነው፣ ከትከሻው ይልቅ። ዓይን ማየት ያሳፈረው የጓደኛውን ትከሻ ይይ፤ ሥራውም እዚያ ነው ያለው።

አሁን ባለ ማሲንቆው ግጥም ይግጠም። ዘፈን ሲሰማ መቼ መምታት፣ መቼ ረገብ ማለት እንዳለበት ተማሪው ይማር። ግጥሙ ሲወርድ ትከሻ ዝግ ይላል፣ ግጥሙ አልቆ ማሲንቆው ብቻውን ሲቀር ይነሣል። ይህን የማያውቅ ሰው ግጥሙ ላይ ሲደበድብ ያድርና ዋናው ጋ ሲደርስ ደክሞ ይቆማል። ሁላችንም ሠርግ ላይ እንዲህ ያለ ሰው እናውቃለን።

ሴትና ወንድ ፊት ለፊት የሚቆሙት በዚህ ደረጃ ነው፤ ተጠይቀው ሲፈቅዱ። በየዘፈኑ ጥንዱን ቀያይሩ። አዋቂ ሰው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከለመደ ያ ሰው በሌለበት ሠርግ ይጠፋበታል። አስጎብኚዎች ካሏችሁ እንግዳ እንደሚያስነሡ አድርጋችሁ አለማምዷቸው፦ እጅ ጎትቶ ሳይሆን ፊቱ ቆሞ፣ ትንሽ መትቶ፣ ጠብቆ። እንግዳው የመለሰውን፣ ምንም ይሁን ምን፣ ደግሞ ማሳየት። ፈረንጅ ሲጎተት ይደነግጣል፤ ሲጠራ ይነሣል።

ደረጃ 9፦ መውረድና እንቅጥቅጥ

ለሚችል ብቻ። ትከሻ ሳይቆም ጉልበትን እያጠፉ ዝቅ ማለት፣ ከዚያ መነሣት። ተረከዝ ከወለሉ እንዳይነሣ፣ ጉልበት የሚያማቸው ከወገብ ትንሽ ዘንበል ብለው ይመለሱ። እንቅጥቅጡን ተማሪው ራሱ ሲጠይቃችሁ አሳዩት፤ ሳይጠይቅ አትስጡት። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ነገር ነውና ባይመጣለትም አይዘን።

ደረጃ 10፦ ወደ ሠርግ ይዛችሁ ውጡ

ማጠቃለያ ትርዒት የሚባለውን ተዉት። አዋቂዎችን ተመሳሳይ ልብስ አልብሶ ባለሥልጣን ፊት ማቆም መልሶ መድረክ ላይ መስቀል ነው። ይልቁንም ጥር ላይ ከተማሪዎቹ አንዱ የሚጠራበት ሠርግ አይጠፋም፤ ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ባዶ እጅ አይሄድም፤ የሚዋጣውን አዋጡ።

እዚያ ስትደርሱ እናንተ ቀድማችሁ አትነሡ። እናንተ ከተነሣችሁ ዳሱ ለእናንተ ይለቀቃል፣ ተማሪው ተመልካች ይሆናል። ተማሪው ከሚያውቀው ሰው ጋር ይነሣ፤ አንድ ዘፈን ይበቃዋል። ከተሳሳተ አትጥሩት፣ በዓይን አታርሙት። ለአዝማሪው የሚሸልመውን ብር አስቀድሞ ዘርዝሮ ይያዝ፤ መሀል ላይ ቆሞ ቦርሳ መፈለግ ከትከሻ ስህተት የበለጠ ያሳፍራል።

ክፍያን በተመለከተ ወርሃዊውን አስቀድማችሁ ተቀበሉ፣ የአዳራሹንና የባለ ማሲንቆውን ከላዩ ላይ አንሱ፣ የቀረው የእናንተ ነው። ከትምህርቱ በኋላ ቡና የሚፈላበት ቀን ካለ ቡናውን ተራ በተራ ያምጡ፤ ሰው የሚቀረው ለቡናው ነው፣ በቡናው ላይም ነው ቀጣዩ ተማሪ የሚገኘው። ከጥር ሠርግ በኋላ ለመመዝገብ የሚመጣ ይበዛል። ዐቢይ ጾም ደጃፍ ላይ ስለሆነ ስሙንና ስልኩን ያዙና ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ላለው እሑድ 9 ሰዓት ቅጠሩት።